አሮጌው መስመር አልተቆረጠም

«እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ» እለዋለሁ።

ፎርማት እጁን ያነሳል፤ የሰካውን ፍላሽ ግን አልነቀለም። ፎርማት እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፣ ሰፈሩ ነው ያወጣለት። ኮምፒውተርህ ድምፅ አላወጣ ቢል፣ ቻርጅ አልይዝ ቢል፣ የሱ መድኃኒት አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» ሁሉን ነገር አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። ዛሬም ገና ከበሩ ሳይገባ ይህንኑ ብሏል።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ተደርድረው ቀጥ ብለዋል፤ የመጨረሻው መስመር ከርነሉ ደንግጧል ይላል። ከርነል ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ነው። ጠዋት አዲሱን ከርነል ልጫን ብዬ፣ የጠየቀኝን ሁሉ ሳላነብ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ አሳለፍኩና፣ አጥፍቼ ባበራው ይኸው። እሱ ደነገጠ አሉ። እኔስ ምን ልበል?

«ቅድም በፍላሼ ሳስነሳው ዲስኩ ባዶ ነው ያለኝ» ይላል ፎርማት።

«ባዶ አይደለም። በይለፍ ቃል ስለቆለፍኩት ነው።»

«ቆልፈሽ ቁልፉን ውስጥ ከረሳሽው እኔ ምን ላድርግልሽ፣ እህቴ?»

ታላቅ ወንድሜ መቃኑን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። «ስንቴ ነገርኩሽ! ሰው የሚጠቀመውን ሲስተም ተጠቀሚ ብዬ። ሊኑክስ ሊኑክስ ስትይ ይኸው ጉድ ሆንሽ። ይጥፋና እንገላገል፤ ካርታውን እንደገና ትሠሩታላችሁ።»

እንደገና! ደሜ ይፈላል። አባባ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። መሬት ውስጥ የተቀበረው እያንዳንዱ የውሃ መዝጊያ ቫልቭ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ዓይኑ ከጠፋ በኋላም በእርምጃ ያውቀዋል። ውሃ ክፍል ሄዶ ልንገራችሁ ቢላቸው፣ አንዱ ጎረምሳ ኢንጂነር «አባባ፣ በቃል የተያዘ ነገር አይሠራም» ብሎ ሸኘው። እልህ ያዘን። ስምንት ወር ክንዴን ይዞ ከየግንቡ ጥግ፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ እየተነሳ ቆጠረ፤ እኔ ደግሞ ግንቡንም ወፍጮ ቤቱንም ከነቦታቸው ኮምፒውተሩ ላይ ሳልኩ። ነገ ጠዋት አትመን ልንወስድላቸው ነበር። ግንቡም ወፍጮ ቤቱም ባለፈው ሳምንት ለመንገድ ማስፋፊያ ፈርሰዋል። እንደገና ከየት ተነስቶ ይቆጥራል?

«ቅጂ የለሽም?» ይላል ፎርማት።

«ዛሬ ልገለብጠው ነበር።»

ወንድሜ ይስቃል። ይሳቅ፤ እዚህ ላይስ ሞኝ ነኝ።

አባባ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሆኖ ሲያዳምጥ ነበር። «ምን ሆነ ነው የምትሉት?» ይላል አሁን። «በሰው ቋንቋ ንገሩኝ።»

«አዲስ መስመር ዘረጋሁ አባባ፤ አዲሱ ውሃ አላደርስ አለኝ።»

«አሮጌውንስ?»

«አሮጌውን ምን?»

«ቆረጥሽው?» ድምፁ ከፍ ይላል። «አዲሱ ውሃ ሳያደርስ አሮጌውን የሚቆርጥ ሰው እኔ ጋ አንድ ቀን ሠርቶ አያድርም ነበር! ዘግተሽ ትተይዋለሽ እንጂ አትቆርጪም። ይሄንንም ሳላስተምርሽ ቀረሁ?»

እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። መች ቆረጥኩት? ሊኑክስ አዲስ ከርነል ሲጭን አሮጌውን ሁሉ አይጥልም። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን እንኳን ከርነል፣ የተሰበረ ቁልፍ ጥዬ አላውቅም።

«ፍላሽህን ንቀል።»

«እህቴ፣ ስሚኝ...»

«ንቀል አልኩህ!»

«ይሄ እልህሽ ነው የሚገድልሽ» ይላል ወንድሜ።

«ይግደለኝ። ፎርማት ግን አይደረግም።»

አጥፍቼ አበራለሁ፤ የከርነሎቹን ዝርዝር እንዲያሳየኝ የሺፍትን ቁልፍ ተጭኜ እይዛለሁ። ዘገየሁ መሰለኝ፣ ያው ጥቁር፣ ያው ድንጋጤ። ወንድሜ በአፍንጫው ይተነፍሳል። ደግሜ አጥፍቼ አበራለሁ፤ አሁን ገና መብራቱ ብልጭ ሳይል ተጭኛለሁ።

ዝርዝሩ ይመጣል። አዲሱ ከላይ፣ ከሥሩ አራት አሮጌዎች። ለካ እነዚህን ሁሉ ከርነል በሚቀመጥባት አንዲት ጠባብ የዲስኩ ጓዳ ውስጥ አጭቄያቸው፣ አዲሱ ግማሽ ዕቃው ሳይገባ በሩ ተዘግቶበታል። ጠዋት ሳላነብ «እሺ» ያልኩት ማስጠንቀቂያ ይህንኑ ሲለኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ፤ ይሁን።

ሁለተኛውን መርጬ አስነሳለሁ። ፊደሎች ይወርዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ ቀጥ ይላሉ። ልቤም አብሮ ቀጥ ይላል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ የይለፍ ቃል ትጠይቀኛለች።

«ውይ!» ይላል ፎርማት።

አንድ በአንድ እጽፋለሁ። ይከፈታል። ካርታው አለ፤ ሁሉም አለ።

«ፎርማት፣ ባዶ ፍላሽ አለህ?»

«ሁለት አለኝ።»

«ሁለቱንም አምጣ።»

አባባ አንገቱን ወደኛ ያዘነብላል። «ውሃ ደረሰ?»

«ደረሰ፣ አባባ።»

«እስቲ የወፍጮ ቤቱን አንብቢልኝ።»

ፈልጌ አገኘዋለሁ። «ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ወደ ፀሐይ መግቢያ፣ አርባ ሁለት እርምጃ። ጥልቀቱ ሁለት ክንድ።»

አባባ በተቀመጠበት እግሮቹን ተራ በተራ ማንሳት ይጀምራል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ወንድሜ መቃኑን ለቆ ገብቷል፤ ሳይታወቀው ከንፈሩ አብሮ ይቆጥራል።

አርባ ሁለት ላይ አባባ ተረከዙን ሲሚንቶው ላይ ያሳርፋል።

«እዚህ ጋ» ይላል። «አሁን መጥተው ይቆፍሩ።»