የኤሌክትሪክ እረኛው

መድኃኒቱ በታካሚው ደም ሥር ገብቶ አለቀ። ነርሷ ዝደንካ የግድግዳውን ሰዓት አይታ ጻፈች። ስምንት ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ከዚያ በኋላ ያለን ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ያበቃል።

ኢዚዶር ፕሌስኒክ አልጋው ላይ ሆኖ ቅልጥሙ ላይ የበቀሉትን አራት ጥቋቁር እባጮች ያያል። ሁለቴ ተቆርጠው ሁለቴ ተመልሰዋል። ይሄ ካልሠራ የሚቀረው እግሩን መቁረጥ ነው።

«በኤሌክትሪክ ምት የእባጩን ሴሎች ለአፍታ እንከፍታቸዋለን» አልኩት። «መድኃኒቱ ያኔ ዘልቆ ይገባል። ቢደነዝዝም እግርዎ ይዘላል፤ አይደንግጡ።»

«ዶክተር፣ ስለ ኤሌክትሪክ ለእኔ አይንገሩኝ። ሠላሳ ዓመት እረኛ የዘረጋሁ ሰው ነኝ።»

በእኛ አገር ከብት የሚያግደውን ባለ ኤሌክትሪክ ሽቦ እረኛ ነው የምንለው።

«አውቃለሁ፤ ቀምሼዋለሁ።»

ከጭንብሉ በላይ ያለውን ዓይኔን አፍጥጦ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«የኮባል ልጅ ነሽ» አለ። አንቱታው እዚያው ቀረ።

«ነኝ።»

«እጅሽን ከእግሬ ላይ አንሺ። ሌላ ሐኪም ጥሩልኝ።»

«ዛሬ ሌላ ሐኪም የለም። ከፈለጉ ተነሥተው ይሂዱ። መድኃኒቱ ከሽንትዎ ጋር ይወጣል፤ እባጩ ይቀራል።» ይህን ስለው ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

«ቁርጥ አባትሽን። እሱም ሲናገር ነበር ደስ የሚለው። የመሬታችንን ድንበር ግን አንድ ቀን አላወቀም።»

«አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከእኔ ጋር ይነጋገሩ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የመንደራችን ልጆች ሽቦው መብራት ይኑረው አይኑረው የምናውቀው በሳር ነበር። ረጅም ሰንበሌጥ ሽቦው ላይ ታስነካለህ፤ ካልነዘረህ እጅህን እያስጠጋህ ትሄዳለህ። ያን ቀን ምንም አልነዘረኝም። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሽቦውን በእጄ ይዤ ቀና ስል ኢዚዶር በረቱ በር ላይ ቆሟል፤ እጁ ማብሪያው ላይ ነው። እያየኝ አበራው። በኋላ «አላየኋትም» አለ፤ መንደሩም አመነው። እኔ ውሸታም ተባልኩ።

«ሃያ ሁለት ደቂቃ ሞላ» አለች ዝደንካ።

ምቱን የሚያስተላልፉትን መርፌዎች አንሥቼ ያዝኩ።

«ሃያ አራት፣ ዶክተር።»

ኢዚዶር እግሩን አየ።

«ሥሪው» አለ፤ ወደ እኔ ሳይዞር።

መርፌዎቹን የመጀመሪያው እባጭ ላይ ሰካሁ። ለሁሉም ታካሚ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ነው ምቱን የሚለቀውን ፔዳል የምረግጠው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አዛብቼ አላውቅም።

«አንድ» አልኩና ረገጥኩት።

እግሩ ዘለለ፤ ተረከዙ አልጋውን መታው። አልጮኸም። ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሳሩ ላይ ወድቄ እኔ እሱን ያየሁት እንደዚያ ነበር። ዝደንካም ሰዓቱን ትታ እኔን ታያለች። አፈርኩ።

«አይቼሽ ነበር» አለ ኢዚዶር፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አይቼሽ ነው ያበራሁት።»

ይቅርታ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩትም።

«ሃያ አምስት» አለች ዝደንካ ቀስ ብላ።

«ሦስት እባጭ ይቀራል» አለ። የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨበጠ። «ቁጠሪ።»

መርፌዎቹን ሁለተኛው ላይ ሰካሁ። እግሬን ከፔዳሉ ላይ ጨርሼ አነሣሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ እስከ ሦስት ቆጠርኩ።