ከአለቃው ጎን

ልጁ ፖላንድ ሄዶ ለቅርጫት ኳስ ክለብ ከፈረመ ወዲህ አንድም ጊዜ ተሰልፎ አያውቅም፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። አባቱ አቶ ድንበሩ ግን በእድር ሊቀመንበርነት ያረጁ ሰው ናቸው፤ የሰውን ማዕረግ በተቀመጠበት ቦታ ይለያሉ። ጨዋታውን በስልክ እያዩ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሉ።

«ሌሎቹ ላብ በላብ ሆነው ሲራወጡ የእኔ ልጅ ከአለቃው ጎን ተቀምጧል። ፎጣውን እንደ ካባ ደርቦ! ሲደክማቸው እየመጡ እጁን ይጨብጡታል።»

ልጁ እውነቱን ሊነግራቸው ቢያስብም አፉ አልታዘዘለትም። «አዎ አባዬ፣ ያከብሩኛል» እያለ ከረመ።

አንድ ቅዳሜ ግን አንዱ ተጫዋች ተጎዳና አሰልጣኙ ልጁን አስነሳው። ገባ፣ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፤ የማሸነፊያዋን ነጥብም እሱ አስቆጠረ። አዳራሹ በስሙ ተናወጠ። ላቡን ሳይጠርግ ቤት ደወለ።

«አባዬ፣ አዩኝ?»

አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አየንህ፤ ጎረቤቱም ሁሉ አየህ። ምን አጥፍተህ ነው ከወንበርህ ያስነሱህ? ለማንኛውም አይዞህ ልጄ፤ ሽማግሌ እንልካለን፣ ቦታህን ይመልሱልሃል።»