የፊቱ ለለሚ፣ የኋላው ለዲኖ

«እኔ ቀጭን ጎማ ነው የምፈልገው» ይላል ለሚ፣ ወልቆ መሬት ላይ የተኛውን የፊት ቸርኬ በጫማው ረገጥ እያደረገ። «ሁለት መቶ አምስት። ቀጭንና ከፍ ያለ፣ ኮረኮንች የማይፈራ።»

ከመኪናዋ ኋላ ዲኖ ይስቃል። «ስፖርት መኪና እኮ ናት ወንድሜ፤ የስንዴ ጋሪ አደረግካት! ፊሮምሳ፣ ለኔ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። አስፋልቱን የሚልስ።»

ጎሚስታው ፊሮምሳ መሐል ቆሞ አንዴ ወደ አፍንጫዋ፣ አንዴ ወደ ጭራዋ ያያል። ባለ ሁለት በሯ ቀይ መኪና ጎማዎቿ ወልቀው ክሪክ ላይ ተሰቅላለች።

ሞሚና ከባጃጅ ወርዳ የጎሚስታው ግቢ በር ላይ ቆማለች። ጠበቃ ናት፤ ሮቤ ውስጥ ሲያይዋት መንገድ የሚቀይሩ ሰዎች አሉ። አባታቸው ካረፉ ወዲህ ታላቅ ወንድሟ ለሚና ታናሿ ዲኖ በዚች መኪና ተኳርፈው ከረሙ። እናታቸው ፍርድ ቤት የሄደውን አልምረውም ስላሉ ጉዳዩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሽማግሌዎቹም ትናንት፣ የእርሻ መሬት ሲያካፍሉ በኖሩበት ዘዴ ፈረዱ። የመኪናዋ ፊት ለለሚ፣ ኋላዋ ለዲኖ። የየድርሻውን ጎማ ባለድርሻው ይምረጥ፤ ያለ ፈቃድ አንዱ የሌላውን አይንካ። ለሞሚና የሳሎኑ ብፌና ምንጣፉ ደረሳት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ዛሬም መጥተዋል። በተጋደመ የኮምባይነር ጎማ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የፍርዳቸውን አፈጻጸም ይከታተላሉ።

«ሐጂ» ትላለች ሞሚና ወደ መሐለኛው ወደ ሐጂ አማን ተጠግታ፣ «በሬ እንኳ ቅርጫ የሚገባው ከታረደ በኋላ ነው።»

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ያንቺ ጉዳይ ትናንት አልቋል።»

«ብፌውን እየነዳሁ ጎባ ልሂድ?»

ፊሮምሳ ሳቁን ለመዋጥ ጎንበስ ብሎ ያልጠፋ ብሎን ይፈልጋል።

ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ አባቷን ጎባ ሐኪም ቤት በዚች መኪና ያመላለሰቻቸው እሷ ናት። ለሚ አጨዳ ነበረበት፤ ዲኖ ሱቅ። ይህን ትናንት ተናግራዋለች። ሽማግሌዎቹ «አላህ ይቀበልልሽ» ብለው ወደ ብፌው አለፉ።

«አንድ ነገር ልበላችሁ» ይላል ፊሮምሳ ቀና ብሎ። «ይቺ መኪና ድሮም ስትሠራ ፊቷ ጠባብ፣ ኋላዋ ሰፊ ነው። ሞተሩ የሚገፋት በኋላ ጎማ ነው፤ የፊቱ መዞሪያዋ ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።»

የሁለቱም ፊት እኩል ይጠቁራል። ልክ መሆን ብቻውን ምን ይሠራላቸዋል? ሌላው ካልተሳሳተ!

ጎማዎቹ ይገባሉ፤ አየር ይሞላሉ። ክሪኩ ሲወርድ መኪናዋ ቀስ ብላ መሬት ትይዛለች።

«የፊቱ ከነበረው ከፍ ይላል» ይላል ፊሮምሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ማየት አለብኝ። አንድ ሰው ይንዳልኝ።»

ለሚ በሩን ይከፍታል።

«ወዴት ወዴት?» ይላል ዲኖ። «የሚገፋት የኋላው ነው ተብሏል። የኔን ጎማ ማን ፈቀደልህ?»

«እሺ፣ አንተ ንዳ! መሪውን ግን እንዳትነካ። መሪው የሚያዞረው የኔን ነው።»

«ወላሂ ሳልነካው እነዳለሁ!»

«ንዳ! ሸያ ወንዝ ውስጥ መጥቼ አወጣሃለሁ።»

ሁለቱም ወደ ሽማግሌዎቹ ይዞራሉ። ሐጂ አማን ከግራና ከቀኛቸው ካሉት ጋር ይንሾካሾካሉ። በማግስቱ የሚሻር ፍርድ ደግሞ ፍርድ አይባልም።

«ለሚ፣ ለወንድምህ ትፈቅዳለህ?»

«አልፈቅድም።»

«ዲኖ?»

«ለሱ? ሞቼ ነው ታዲያ!»

«እንግዲያው ድርሻ የሌለው ሰው ይንዳት» ይላሉ ሐጂ። የተናገሩት ነገር ለራሳቸው የሚገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው።

«ድርሻ የሌለኝ እኔ ነኝ» ትላለች ሞሚና። አትጮህም። «ትናንት ሦስታችሁም አረጋግጣችሁልኛል።»

ለሚ ዲኖን ያያል፤ ዲኖ ለሚን። እምቢ ያለ እንደሆነ ሌላው መሪ ሊጨብጥ ነው።

«እሷ ትንዳ» ይላል ለሚ።

«እሷ ትንዳ» ይላል ዲኖ። አባታቸውን ከቀበሩ ወዲህ በአንድ ቃል ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሞሚና ገብታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ሞተሩን ታስነሳና ግቢው ውስጥ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ታደርጋታለች። መሪውን ወደ ግራ ጥግ፣ ወደ ቀኝ ጥግ ታዞረዋለች። ፊሮምሳ ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ ጎማው ይሰጣል።

«አይነካም!» ይላል። «አሁን እስከ ጎባ መገንጠያ ወስዳችሁ ብትሞክሯት ጥሩ ነው። ስትመለስ ግን ቁልፉን ለማን ልስጥ?»

ሐጂ አማን ጺማቸውን ይዘው ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ። ለለሚ ቢሰጡ ዲኖ አለ፤ ለዲኖ ቢሰጡ ለሚ አለ።

«እሷ ጋ ይቆይ» ይላሉ በመጨረሻ፣ ወደ መኪናዋ ሳያዩ። «እስኪታረቁ ድረስ።»

ሞሚና በመስኮቱ ወንድሞቿን ታያቸዋለች። ነዳጅ የሚቀዳው በማን ድርሻ በኩል ነው በሚለው ጉዳይ ክርክር ጀምረዋል፤ ለሚ ታንከሩ ከኋላ ስለሆነ ነዳጁ የዲኖ ነው ይላል፣ ዲኖ የሚጠጣው ሞተር ከፊት ነው ይላል።

ወንበሩ እስካሁን በአባቷ እግር ልክ ነው። ሁልጊዜ ልትነዳ ስትል ወደ ፊት ትስበው፣ ስትወርድ ደግሞ ማንም ሳይነግራት ወደ እሳቸው ቦታ ትመልሰው ነበር። እጇን ወደ ሥር ሰድዳ ማንሻውን ታነሳለች። ወንበሩ በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት ይንሸራተትና በእሷ እግር ልክ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል።