ያላበው ግድግዳ

ጠጅቱ መጋረጃውን ስትገልጠው ሻጋታው በመስኮቱ ዙሪያ እንደገና ጠቁሮ ጠበቃት። በበረኪና የፈተገችው ገና ትናንት ነው። መስታወቱ አልቦት ውሃው ወደ ግድግዳው ይወርዳል፤ ልስኑን በጣቷ ስትጫነው ሰርጎድ አለ።

"አየኸው?" አለችው ሚደቅሳን።

ከክረምቱ በፊት አሮጌውን የብረት መስኮት ነቅሎ ይህን አልሙኒየም የገጠመላት እሱ ነው። ስልኳን አላነሳ ሲላት አብነት ሰፈር ካለው ወርክሾፑ ድረስ ሄዳ ይዛው መጣች።

"እትዬ ጠጅቱ፣ ይሄ እኮ የመስኮቱ ጥፋት አይደለም" አለ፣ ክፍሉ ውስጥ በገመድ የተሰጣውን ልብስ እያሳያት። "ልብስ ቤት ውስጥ ያሰጣሉ፤ መስኮቱን ዘግተው ነው የሚውሉት። የድሮው ክፍተት ስለነበረው እንፋሎቱን ያስወጣው ነበር። ይሄ ግጥም ያለ ነው። ፀረ ሻጋታ ቀለም ልቀባልዎትና ይገላገሉ።"

"ይቀባና ይብቃ" አለ ባሏ ጋሻው ከበሩ ላይ ሆኖ። "ነገ ልጅቷ ከሆስፒታል ትወጣለች። ቤቱን አታተራምሺው።"

ጠጅቱን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር። ነገ ልጃቸው እድላዊት ከአራስ ልጇ ጋር የምትተኛው እዚህ ክፍል ነው። ሕፃኑ ያለ ጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ውስጥ ሰንብቷል። ሐኪሟ "ሳንባውን ተጠንቀቁለት" ብላ አስጠንቅቃቸዋለች።

"የልብሱ ጥፋት የኔ ነው" አለች። ከገመዱ ላይ እንዳለ ሰብስባ ለጋሻው አስታቀፈችው። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይሰጣም፤ መስኮቱም በየቀኑ ይከፈታል። ውሃ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ታዲያ ላይኛው ጥግ ለምን ራሰ? ልስኑን ክፈተውና አሳየኝ።"

"ልስኑን ካፈረስኩት እኮ ፍሬሙም መውጣቱ ነው!"

"ይውጣ።"

"በዚህ ዝናብ?"

ጠጅቱ ከሚደቅሳ የመሣሪያ ሣጥን መሮና መዶሻ አንሥታ ወንበር ላይ ወጣች። ሚደቅሳ የምሯን አልመሰለውም ነበር። መታች፤ ደግማ ስትመታ ልስኑ ተገምሶ ወለሉ ላይ ወደቀ። በፍሬሙና በግድግዳው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ውስጡ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተጠቅጥቆበታል። ጎተተችው፤ ርሶ እየተቀደደ፣ እየሸተተ ወጣ።

ሚደቅሳ አንገቱን ደፋ።

"ያን ቀን ሌላ ቤት ይጠብቀኝ ነበር" አለ። "ቸኮልኩ።"

ጩኸቱ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። ከወንበሩ ወርዳ መዶሻውን ሰጠችው።

"ዛሬ አትቸኩልም። አውጣው፤ ዙሪያውን በደንብ ሞልተህ መልሰህ ግጠመው። እስኪጠናቀቅ ከዚህ ቤት አልወጣም፤ አንተም አትወጣም።"

"ሲሚንቶው እስኪደርቅ እኮ ይሰነብታል" አለ ጋሻው። "አራሷን የት ልናስተኛት ነው?"

"እኛ አልጋ ላይ።"

"እኛስ?"

"ሳሎን፣ መሬት ላይ።"

ጋሻው ልብሱን እንደታቀፈ ዞሮ ሄደ።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ፍሬሙ ሲወጣ ቀዝቃዛው ነፋስ ክፍሉን ሞላው፤ "ተክለ ሃይማኖት! ተክለ ሃይማኖት!" የሚለው የታክሲ ረዳት ጥሪ ጎልቶ ተሰማ። ጠጅቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ፍርስራሹን መጥረግ ጀመረች። ከሳሎን በኩል ሶፋ ሲጎተት ሰማች፤ ጋሻው ፍራሽ የሚዘረጉበትን ቦታ እያሰፋ ነበር።