የቁልፍ ቤት

ኡሙሰልማ ለነገው የኮምቦልቻ የፋሽን ትርኢት የሰፋችው ቀሚስ ቁርጥ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የነበረውን የአያቷን ቤት ነው። ከወገብ በታች ያለው ሽንሽን የበረንዳውን ርብራብ ይመስላል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ በአንድ ቁልፍ የሚዘጋ ባለ ሁለት ተከፋች በር አለው። ቤቱ ለመንገድ ሲፈርስ አያቷ ሐጂ አብዱልወሀብ «እኔ ከቤቴ አልወጣም» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የት እንደገቡ ያየ የለም።

ሞዴሏ ወንጌላዊት መስታወቱ ፊት ለሙከራ ለብሳው ስትራመድ ሽንሽኑ አብሯት ይተነፍሳል። ዞራ ስትመለስ ግን ቁልፉ ተፈቷል። ኡሙሰልማ ቆለፈችላት። ደግማ ሄዳ መጣች፤ አሁንም ተፈቷል።

«የቁልፉ ቤት ሰፍቶ ይሆናል» አለች ወንጌላዊት።

ኡሙሰልማ በመርፌ ጠበብ አደረገችው። ለሦስተኛ ጊዜ ተከፍቶ ስታገኘው ሳቋ መጣ። ቆልፋ ስታበቃ፣ ደጅ የቆመ እንግዳ እንደሚያደርገው የወንጌላዊትን ጀርባ በጣቷ መታ መታ አደረገችና «ቤቶች» አለች።

«ደጆች» አላት የአያቷ ድምፅ። «ግቢ ልጄ።»

ቀና ብላ መስታወቱን አየች። ወንጌላዊት ከንፈሯን ገጥማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች። ከኡሙሰልማ ጣት ሥር ቁልፉ ቀስ ብሎ ከቤቱ ወጣ።