የጌጤ ግራ እጅ

«አጥብቀሽ ያዢው እንጂ!» ትላለች አሰለፈች፣ ከድንጋዩ ሥር ተንበርክካ።

ጌጤ ይዛዋለች፤ በቀኝ እጇ። ግራ እጇን ለይስሙላ ነው ያስደገፈችው። እዚያ እጇ ላይ እህቷ ከቤይሩት የላከችላት፣ እርምጃና የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አለ። ካልሲ ቆርጣ አልብሳዋለች፤ በካልሲው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ጠምጥማ በሲባጎ ጠፍራዋለች። ለእርከን ሥራ ስትወጣ እናቷ «አውልቀሽ አስቀምጪው» ቢሏት፣ «እሱ ቤት ተኝቶ የኔን እርምጃ ማን ይቆጥራል?» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

ከጠዋት ጀምሮ ሴቱ ሁሉ መሣቂያ አድርጓታል።

«ክንድሽን እባብ ነደፈው እንዴ?»

«ኧረ ቆጣሪ ነው! እንደ መብራቱ በወር በወሩ እየመጡ ሊያነቡላት ነው።»

ያልሣቀችባት አሰለፈች ብቻ ናት። «ተዉአት፤ እህቷ ናፍቃት ነው» አለቻቸው። አርብ አርብ ገበያ ላይ ሹሩባ እየሠራች ነው የምትኖረው፤ የጌጤን ፀጉር ግን እሑድ ዕለት እንዲሁ በነፃ ነው የሠራችላት።

«እናንተ! እርከኑ በወሬ አይሞላም!» ይላሉ ቡድን መሪው ጋሽ ፈንታው ከላይ ሆነው።

ድንጋዩ የወለደች በግ ያክላል። ጌጤ ከላይ ደግፋ ትይዛለች፤ አሰለፈች ከሥሩ ጠጠር ትወሽቃለች።

«ትንሽ ቀና አርጊው፤ እጄን ላውጣ።»

ድንጋዩ ተንገዳገደ። ሁለት እጅ ፈለገ። ሹል ጥርሱ ወደ ጌጤ ግራ አንጓ፣ ልክ ወደ ሰዓቱ መስተዋት ዞረ።

ጌጤ ግራ እጇን ሳበች።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ያህል ነው። ጩኸቱ ግን ቁልቁለቱን ሞላው።

ሴቶቹ ዲጅኖ ይዘው ሮጡ፤ ድንጋዩን ፈነቀሉ። የአሰለፈች ሦስት ጣቶች፣ ጣት አይመስሉም። አንዷ ነጠላዋን ቀደደች፤ አንዷ «ውኃ! ውኃ!» ትላለች።

ጌጤ ሲባጎውን ፈትታ፣ ካልሲውን ገልባ፣ አንጓዋን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋለች። መስተዋቱን በአውራ ጣቷ ወለወለችው። ወዲህ አዘነበለችው፣ ወዲያ አዘነበለችው። ጭረት እንኳ የለውም።

«ተመስገን» አለች።

ጮክ ብላ መናገሯን ያወቀችው ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ሲያዩዋት ነው። አሰለፈችም ማልቀሷን አቋርጣ ቀና ብላ አየቻት።

«ተረፈልሽ?» አለቻት።

ሽሙጥ ቢሆን ጌጤ መልስ አታጣም ነበር። አሰለፈች ግን የምሯን ነው የጠየቀቻት።

ሁለት ሴቶች አሰለፈችን ደግፈው ወደ መንገዱ አወረዷት። ጋሽ ፈንታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ እንግዲህ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፤ ባሬላ ያዙ።»

ሴቶቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ፣ በባሬላ ድንጋይ ማንሣት ጀመሩ። ጌጤም ከአንዱ ባሬላ ፊት ገብታ፣ ጎንበስ ብላ ሁለቱን እጀታ ጨበጠች፤ በሁለቱም እጇ፣ አጥብቃ።

ጠበቀች። በግራዋም በቀኟም እግር እያለፈ ይሄዳል። ከኋላዋ ያለው እጀታ ከመሬት አልተነሣም።