አራተኛው ቀን፣ ቀይ ነጥብ

ሥራዋ ሳተላይት ከላይ የሚያየውን የደን እሳት ኃይሉን እየለካች መመዝገብ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ልክ በቀትር፣ በኮምፒውተሯ ካርታ፣ ታላቅ ወንድሟ በሚጠብቀው ደን ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ወጣ። ኃይሉ በየቀኑ እጥፍ ሆነ። አለቃዋ ግን ሦስቱንም ቀን፣ «የማሽን ስህተት ነው፣ ሰርዢው» አላት።

«ሰው ቢቃጠልስ?»

«ጭስ አየሁ ያለ ሰው አለ? ነገር አታክርሪ።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት።

በአራተኛው ቀን ነጥቡ የጠባቂዎቹን ቤቶች ሸፈናቸው። ደሟ ፈላ። አለቃዋን ሳታስፈቅድ ለወንድሟ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ በቶሎ ውጡ!»

«ወጥተናል እኮ! ሰዉን ሁሉ ወንዝ አሻግሬያለሁ። እሳቱ ገና አሁን ተነሳ። ጠዋት እያለቀስሽ ባትነግሪኝ ኖሮ አልቀን ነበር።»

«እኔ? ዛሬ ገና አሁን መደወሌ ነው!»

«ምን ማለትሽ ነው? በሌላኛው ስልኬ እስካሁን መስመር ላይ ነሽ።»

ግራ ገብቶት ሁለቱን ስልኮች አጠጋጋቸው። በለቅሶ የሻከረ የራሷ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ያቺን አታናግራት» ሲል ሰማች።